አንድ ሰው፣ አንድ ቦርሳ

አንድ ሰው ቤቱን ዘግቶ ሜዳ ላይ ሊያድር ሲወጣ ስንት ነገር ያስፈልገዋል?

ይህን ታሪክ የሚያወራው ሰው መልሱን ገና አላገኘውም። ቱሪስቷ ግን ያን ሰሞን መልሱ በእጇ ነበር፤ ቢያንስ እንደዚያ ይመስላት ነበር። «ጀርባሽ የቻለውን ያህል፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ቀነስ አድርጊ» ትል ነበር። ሩቅ አገር ስትማር በየእረፍቱ ከጓደኞቿ ጋር ተራራ ለተራራ እየዞረች ያመጣችው ጥበብ ይኸው ነው። ሸክም ይቀንስልኛል ብላ የጥርስ ብሩሿን እጀታ በመጋዝ የቆረጠች ሴት ናት።

«ቱሪስቷ» የሚለውን ስም ያወጣላት የእህቷ ባል ነበር። ከሰው አገር በተመለሰች ማግስት ያደገችበትን ቤት ደረጃ ቆማ ፎቶ ስታነሳ አያትና፣ «ኧረ አስጎብኚ ፈልጉላት!» አለ። ቀልዱ ቀልድ ሆኖ እንደማለፍ ስም ሆኖ ቀረ። ሥራ ያመለከተችባቸው ቢሮዎች ሁሉ «እንደውልልሻለን» ብለው ድምፃቸውን አጠፉ። በገዛ ከተማዋ መንገድ ጠያቂ፣ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆና፣ መመለሴ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት ነው ታላቅ ወንድሟ ያስጠራት።

ታላቅ ወንድሟ የባንክ ቅርንጫፍ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነው። እህቶቹ ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሉታል፤ ዞር ሲል «ሊቀመንበሩ»። ቁርስ እንኳ ያለ አጀንዳ አይበላም። ያን ዕለትም ቤተሰቡን ሳሎኑ ውስጥ ሰብስቦ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዘንድሮ ሐይቁ ዳር ሄደን እናድራለን» አለ።

ሳሎኑ ሞቅ አለ። በየዓመቱ ሐይቁ ዳር ድንኳን ተክሎ ማደርን ያስለመዳቸው አባታቸው ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ማንም «እንሂድ» ለማለት አልደፈረም።

«ነገር ግን» አለ ሊቀመንበሩ ጣቱን አንስቶ፣ «እንደ ድሮው ቤት ነቅሎ መሄድ የለም። መኪና የሚሄደው መንገዱ እስካለቀበት ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው፣ አንድ ቦርሳ። ቦርሳውም ባለቤቱ ብቻውን አንስቶት የሚሄድ ይሁን። ድንኳን እኔ ገዝቻለሁ፤ ናይለን ነው፣ ከጃንጥላ አይከብድም። ዳኛዋ ደግሞ…» ወደ ታናሽ እህቱ ዞረ። «እሷ ናት። ምን እንደሚያዝና ምን እንደሚቀር ተምራ መጥታለች።»

የቱሪስቷ ፊት በራ። ከተመለሰች ወዲህ የምታውቀውን ነገር የሚፈልግ ሰው ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ጋሼ» አለ የእህቷ ባል። የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ነገር ሲጋጋል መሃል ገብቶ «ፍሬን! ፍሬን!» ስለሚል እሱንም ፍሬን ይሉታል። «የእኔ ሚስት መድኃኒት ብቻ አንድ ቦርሳ ትሞላለች። እኔን በየትኛው ልትከተኝ ነው?»

«አንተን እዚሁ ጥዬህ ነዋ የምሄደው» አለች ሚስቱ። ነርስ ናት፤ ስትቀልድም መርፌ ስትወጋም ፊቷ አይለዋወጥም።

እናትየው ከሶፋው ጥግ ተቀምጣለች። አውራ ጣቷ ጥፍር ውስጥ የገባ ሰም በመርፌ ጫፍ እየፈለፈለች ነበር።

በማግስቱ ቱሪስቷ የመንጠልጠያ ሚዛኗን ይዛ ወደ እናቷ ሱቅ ሄደች። አውሮፕላን ጣቢያ ላይ «ሻንጣሽ ከበደ» እንዳይሏት የገዛችው፣ መዳፍ የምታክል፣ መንጠቆ ያላት ሚዛን ናት።

ሱቁ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ጎማ በሚያድሱና ባትሪ በሚሞሉ ሰዎች መሃል ነው። የጭነት መኪና ሸራና ድንኳን ይሰፋበታል። ገባ ሲሉ የሰምና የናፍጣ ሽታ ይቀበላል። በአንድ ወገን ረጅም ጠረጴዛ፣ በመስኮቱ በኩል መርገጫዋ ያለቀ የስፌት መኪና አለች። ግድግዳው ላይ አባትየው መርፌ ሲገፋ መዳፉ ላይ የሚያስራት ቆዳ ተሰቅላለች። እናትየው ወለሉ ላይ፣ በተዘረጋ ወፍራም ሸራ መሃል፣ ውሃ ውስጥ እንደገባ ሰው እስከ ወገቧ ተውጣ ተቀምጣለች።

«ነይ እስቲ፣ ክር አስገቢልኝ» አለቻት ገና ሰላም ሳትላት።

ቱሪስቷ መርፌውን ተቀብላ አስገባችላት። የሸራ መርፌ ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ እሱን መሳት ቀላል አይደለም። ቱሪስቷ ልብ አለችው።

«ለጉዞው የምትይዢውን ልመዝንልሽ ነው የመጣሁት፣ እማዬ። ቦርሳሽ የቱ ነው?»

እናትየው የተቀመጠችበትን ሸራ በአገጯ አሳየቻት።

«ይሄ እኮ ድንኳን ነው!»

«አይ፣ መሐረብ ነው።»

ቱሪስቷ የሸራውን አንድ ጠርዝ መንጠቆው ላይ አንጠልጥላ ጎተተች። ሚዛኗ ጥቂት ቁጥር እየዘለለች ሄደችና ድንገት ጠፋች።

«ተያት፣ እሷም ደክሟታል» አለች እናትየው።

«እማዬ፣ ጋሼ ድንኳን ገዝቷል። ይሄን ማን ይሸከመዋል? እኔ በተማርኩበት አገር ሰው ሜዳ ሲወጣ…»

«በዚያ አገር ድንኳን የሚሰፋው ሰው የት ነው የሚያድረው?»

«ማለት?»

እናትየው መርፌዋን አቆመች። «አባትሽ ያወጣውን ሕግ ረሳሽው? ድንኳን የሰፋ ሰው ከሥሩ ሳያድር ድንኳኑ ከዚህ ሱቅ አይወጣም። ድሮ ጓሮው ላይ ተክለን እናድር ነበር። ጓሮው ላይ ፎቅ ሲቆምበት ወደ ሐይቁ ሄድን። ጠብ የሚል ስፌት ካለ እዚያው ቀይ ክር እናስርበታለን፤ ስንመለስ ፈትተን እንሰፋዋለን። አልቆ ነው ለባለቤቱ የሚሰጠው።»

ቱሪስቷ ቀዩን ክር አልረሳችውም። ልጅ ሆና በጀርባዋ ተኝታ ከድንኳኑ ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለውን ቀይ ክር እያየች ጌጥ ነው ብላ ትደሰት ነበር። አሁን ገና ነገሩ ገባት። ልጅነቷን ሙሉ ሽርሽር የመሰላት የወላጆቿ የሥራ ቀን ኖሯል። ቤተሰቡን በሙሉ ከድንኳኑ ሥር አስተኝተው እነሱ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ ያድሩ ነበር።

«ይሄን ያዘዘው ማን ነው ታዲያ?»

«የመንገድ ሠራተኞች ናቸው። ለሠፈራቸው። ያዘዙት እነሱ ናቸው፣ የሚፈርድበት ግን ወንድምሽ ነው።»

ከዚያ በኋላ እናትየው ዓይኗን ከስፌቱ ሳትነቅል ነገረቻት። ባለፈው ክረምት የሰፋችው የጭነት መኪና ሸራ አፈሰሰ፤ መኪናው የጫነው ስኳር ነበር። ባለመኪናው መጥቶ ሱቁ በር ላይ ጮኸ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሊቀመንበሩ «ይብቃሽ» ይላታል። አባትየው ሲያርፍ የሱቁ ስም ወደ ታላቁ ልጅ ዞሯል፤ የሚከራየውም ሰው ተገኝቷል፣ ስልክ የሚሸጥ። ስትከራከረው ጊዜ፣ «እሺ፣ አንድ ድንኳን ስፊ። ሐይቁ ዳር እንወስደዋለን። ጠብ ካላለ ሱቁን አልነካም፤ ጠብ ካለ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ» አላት።

«እሺ አልሽው?»

«ዝም አልኩት። ዝም ማለት እሺ ማለት መሰለው።»

«እሱ ራሱ ሐይቁ ዳር እንወስደዋለን ካለ፣ ይሄ አንድ ሰው አንድ ቦርሳ የሚለው…» ቱሪስቷ ንግግሯን አልጨረሰችም።

«ሸራውን ጀምሬ ስጨርሰው አይቷል። ሳይፈተን ከቀረ ሕጉን እኔው ራሴ አላፈርስም፣ አላስረክብም፤ የመንገድ ሠራተኞቹም ተስፋ ቆርጠው ይሄዳሉ። ሱቁ በራሱ ጊዜ ይዘጋል። ፊት ለፊት ‹ውጪ› ማለት አቃተዋ ልጄን! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ።»

«እማዬ፣ ራስሽን አህያ ማለትሽ እኮ ነው።»

«ተረቱ ላይ የሚፈሩት አህያዋን አይደለም እንዴ? እኔ ደህና ቦታ ነው ያለሁት።»

ቱሪስቷ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሚዛኗን አየችና ነገሩ ተገለጠላት። ዳኝነቱ የተሰጣት ስለተማረች ሳይሆን ስለምትመች ነው። ወንድሟ ማለት የፈለገውን «አይቻልም» እሷ በሚዛኗ እንድትልለት ነው የተሾመችው።

ከጉዞው በፊት በነበረው አመሻሽ ሁሉም ዕቃውን ይዞ ሊቀመንበሩ ሳሎን ተገኘ። ምንጣፉ ላይ ቦርሳው፣ ፍራሹ፣ ጀሪካኑና ድስቱ ተደርድሯል። ነርሷ የመድኃኒት ቦርሳዋን አስመዝና አለፈች። የፍሬን ቦርሳ ሲከፈት ከሁለት ካልሲና ከአንድ ትልቅ ስፒከር በስተቀር ምንም የለውም።

«ልብስህስ?» አለችው ሚስቱ።

«ሙዚቃ ያሞቃል።»

ሊቀመንበሩ የራሱን ቦርሳ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አሳየ። ከጀርባው ግን የበረዶ ሣጥን፣ የጋዝ ምድጃና ክንድ ማሳረፊያ ያለው ታጣፊ ወንበር ቆመዋል።

«እነዚህስ የማን ናቸው?» አለች ቱሪስቷ።

«የጋራ ዕቃ ነው።»

«ወንበሩም?»

«ተራ በተራ እንቀመጥበታለን።»

ይኼኔ በሩ ተከፈተና እናትየው ገባች። ፍሬን ከሚኒባሱ ሊያወርድላት ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበርና፣ የሸራውን ጥቅል ታቅፎ እያለከለከ ተከተላት። ምንጣፉ ላይ ሲጥለው የቡና ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ።

«እማዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ሰው ጠቅልለውበታል?» አላት ወገቡን ይዞ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ቦርሳዬ ነዋ» አለች እናትየው።

«እማዬ፣ ተነጋግረን ጨርሰናል። ድንኳን አለን። ሕግ ሕግ ነው፤ ለእናትም ለልጅም አይለይም። ዳኛዋ ትፍረድ።»

ሁሉም ወደ ቱሪስቷ ዞረ። ሚዛኗን አነሳች። «በመጀመሪያ የበረዶ ሣጥኑን ልመዝን» አለች።

«እሱ የጋራ ነው አልኩሽ!»

«ድንኳንም የጋራ ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚገባበት ድንኳን የት አየህ?»

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ ጋሼ» አለ ፍሬን፣ «እንካፈለውና…»

«አንተ ፍሬንህን ያዝ!»

«ጋሼ» አለች ቱሪስቷ፤ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። «ድንኳኑ ስለከበደ አይደለም። እንዳይፈተን ፈልገህ ነው። ወይ ፊት ለፊት ውጪ በላት፣ ወይ ቃልህን ጠብቅ። እኔን ግን መዶሻ አታድርገኝ።»

ሊቀመንበሩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ሲናገር የስብሰባ ድምፁ ጠፍቶ ነበር።

«ባለመኪናው ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሲሰድባት መሃል የገባሁት እኔ ነኝ። ጣቷን በመርፌ ወግታ ወግታ ሲያብጥ እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ወለሉ ላይ ወድቃ፣ መርፌ እንደጨበጠች ባገኛትስ? ማን ነው የሚጠየቀው? አንቺ ያኔ የት ነበርሽ? የተራራ ፎቶ ትልኪልን ነበር።»

ቱሪስቷ የነበረችበትን ሁሉም ያውቃል። ወንድሟ ክፉ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ምናልባትም ልክ ነው። በዚያች ቅጽበት ተነስታ ብትሄድ፣ ሚዛኗንም ምንጣፉ ላይ ብትተዋት ማንም አይፈርድባትም ነበር። ቀና ስትል ግን እናቷን አየቻት። እናትየው አላለቀሰችም፣ አልተለማመጠችም። ሰው ስለ እሷ ሳይሆን ስለ ሌላ ሴት የሚያወራ ይመስል፣ የጥቅሉን ገመድ ላልቶ አግኝታው እያጠበቀች ነበር።

ቱሪስቷ ቦርሳዋን አነሳችና ምንጣፉ ላይ ገለበጠችው። የምትኮራበት የመኝታ ከረጢት፣ እፍኝ የማትሞላ ምድጃዋ፣ የዝናብ ካፖርቷ፣ እጀታ አልባው የጥርስ ብሩሽ ሁሉ ተበተነ። ጥቅሉን ፈታች። የአባቷ አሰፋፍ ነው፤ ጣሪያው ለብቻ፣ ግድግዳው ለብቻ ሆኖ በቀለበቶቹ በኩል በገመድ ይያያዛል። ጣሪያውን አጣጥፋ፣ በጉልበቷ ተጭና፣ ቦርሳዋ ውስጥ ጎሰረችው።

«አንድ ሰው፣ አንድ ቦርሳ» አለች እየተነፈሰች። «የእኔ ይኸውላችሁ።»

«ግድግዳው የእኔ ነው» አለች እናትየው።

«ምሰሶው ቦርሳ ውስጥ አይገባም እንጂ ትከሻ ላይ ይገባል» አለ ፍሬን። ስፒከሩን ሶፋው ላይ አስቀምጦ ለአፍታ በሐዘን አየው።

«ብርድ ልብስ አልያዛችሁ፣ ፍራሽ አልያዛችሁ!» አለ ሊቀመንበሩ። «በምንድን ነው የምትተኙት?»

«በድንኳን» አለች እናትየው።

ፍሬን ሳቁ አመለጠው። የሊቀመንበሩ ፊት ደም መሰለ። መነጽሩን መልሶ አደረገና፣ ተነስቶ ቆመ። «ጉዞው ተሰርዟል። ስብሰባው አልቋል» አለ።

«አንተ ሰርዘህ ከሆነ አንተ ቅር» አለች እናትየው በቀስታ። «እኔ እኮ ሥራ ነው የምሄደው።»

ነርሷ ወንድሟን አስቀምጣ ክንዱ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ጠቀለለችበት። «ከፍ ብሏል። እኔ እሱ ጋ እቀራለሁ» አለች ፊቷ ሳይለዋወጥ። ከዚያ የመድኃኒት ቦርሳዋን በእግሯ ወደ ባሏ ገፋችው። «ይሄን ውሰድላቸው። ፋሻው ከላይ ነው።»

በማግስቱ ፍሬን ሚኒባሷን መንገዱ እስካለቀበት ነድቶ አቆማት። ከዚያ ወዲያ በዛፎቹ መሃል ወደ ሐይቁ የሚወርድ ጠባብ የእግር መንገድ ነው። ቱሪስቷ ጣሪያውን አዝላ ጥቂት እንደሄደች የቦርሳው ማንገቻ ትከሻዋን ይበላት ጀመር። ተራራ የወጣችባቸው ዓመታት ሁሉ ምንም አልጠቀሟትም፤ የለመደችው ባዶ መሄድ ነው። እናቷ ከፊቷ ጎበጥ ብላ ትሄዳለች፤ ድንጋይ ባገኘች ቁጥር ትቀመጣለች፤ ተቀምጣም ትሳደባለች። ሸራውን፣ ድንጋዩን፣ አባትየውን፣ መንገዱን።

«ይቺን መንገድ ማን ነው ያረዘማት?» ትላለች።

«እርስዎ ቁጭ ባሉ ቁጥር ነው የምትረዝመው» ይላል ፍሬን፣ ምሰሶዎቹን በሁለት ትከሻው ላይ አጋድሞ።

ቱሪስቷ በልቧ ወንድሟን ትሰማዋለች። ብትወድቅስ? ማን ነው የሚጠየቀው? አንዴ ቆም ብላ «እማዬ፣ እንመለስ ወይ?» አለቻት። እናትየው ዞር ብላ ስታያት፣ ሁለተኛ እንዳትጠይቅ የሚያደርግ አስተያየት ነበር።

ድንኳኑን ለማቆም ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ታገሉ። አንዱን ምሰሶ ሲያነሱ ሌላው ይወድቃል፤ ካስማው ድንጋይ ላይ ያርፍና ይጎብጣል። በመጨረሻ ቆመ፤ ወደ ሐይቁ ትንሽ ዘመም ያለ ቢሆንም ቆመ። ከበታቹ ተቀምጠው ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በሉ። ፍሬን ተነስቶ አፈሩን ከሱሪው አራገፈ።

«እኔ ሚኒባሷ ውስጥ ነው የማድረው። ያልሰፋሁት ድንኳን ሥር አድሬ ሕግ አላፈርስም» ብሎ ሄደ።

እናትና ልጅ ከግድግዳው ተርፎ መሬት ላይ በተዘረጋው ሸራ ተጠቅልለው ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው ተኙ።

ቱሪስቷ ስትነቃ ነግቷል። ወገቧ ድንጋይ ሆኗል፣ አንድ እጇ ደንዝዟል፣ ግን አልረጠበችም። ጣሪያውን አየችው። ደረቅ ነው። ስልኳን አውጥታ «ጋሼ፣ ጠብ አላለም!» ብላ ጻፈች። ኔትወርክ የለም፤ መልእክቱ ሳይሄድ እዚያው ቆመ።

«ምን እየጻፍሽ ነው?» አለች እናትየው።

«ማለፉን ልነግረው ነዋ።»

«ሰማዩ ሳይፈትነው አንቺ አሳለፍሽው?»

ሰማዩ አልቆየም። ሻይ የሚያፈሉበትን እሳት ገና ሳያያይዙ ከሐይቁ ማዶ ጥቁር ነገር ተነሳና ውሃውን እያረሰ መጣ። ሮጠው ገቡ። ዝናቡ ሸራው ላይ ሲወርድ እርስ በርስ መሰማማት አልተቻለም። ሸራው ረጥቦ ጠቆረ፣ ከበደ፣ ወደ ታች ረገበ። ቱሪስቷ ስፌት ስፌቱን በዓይኗ ተከተለች። አንዱ ያዘ። ሁለተኛው ያዘ። ከበሩ በላይ ያለው፣ ውሃ የሚያቁረው፣ እሱም ያዘ። ልቧ ከፍ አለ፤ እናቷን ልታቅፋት ዞር አለች።

ጉልበቷ ላይ አንዲት ጠብታ አረፈች።

በመዳፏ ፈጥና ሸፈነቻት። ሁለተኛዋ የእጇ ጀርባ ላይ አረፈች።

«የት ነው?» አለች እናትየው።

«ምኑ?»

«ሰማሁት እኮ። ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ምን ሆነ?»

ቱሪስቷ የእናቷን እጅ ይዛ ወደ ስፌቱ መራችው። እናትየው በጣቷ ጫፍ ዳበሰችው። ሄደች፣ ተመለሰች፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። እዚያ ጋ መርፌው መስመሩን ስቶ ወጥቷል፤ ስፌቱ በጠርዙ ላይ እንደመርገጥ ከጠርዙ ውጪ ወድቋል። እናትየው እጇን ከዚያ አላነሳችም። ውሃው በጣቷ ተጉዞ ክርኗ ላይ ደረሰ።

«እዚህ ጋ ዓይኔ ከዳኝ» አለች በመጨረሻ። ከኪሷ መርፌና ቀይ ክር አወጣች። «አስገቢልኝ።»

ቱሪስቷ አስገባችላት። እናትየው ስፌቱ ላይ ቀዩን ክር ቋጠረችና ጫፉን በጥርሷ በጠሰችው።

«እማዬ» አለች ቱሪስቷ፣ «ፍሬን መኪና ውስጥ ነው። እኔና አንቺ ብቻ ነን ያየነው። የጻፍኩት መልእክት አልሄደም፤ እንዳለ ልተወው? ጠብ አላለም እንበለው።»

እናትየው ዓይኗን አጥብባ አየቻት። «ጠብ አላለም ብዬ ያስረከብኩት ድንኳን በሕይወቴ የለም። ለአንድ ሱቅ ብዬ ዛሬ ልጀምር?»

«ሱቁን ይወስደዋላ!»

«ይውሰድ አልኩ? አፈሰሰ ማለትና ቁልፍ ማስረከብ ምን አገናኛቸው? የሚያገናኛቸው እሱ ነው። ድንኳን ከሥሩ የምናድረው እንዳያፈስ አይደለም፤ የሚያፈስበትን ልናገኝ ነው። አገኘነው። ማክሰኞ ፈትቼ እሰፋዋለሁ።»

«ክሩን ማን ያስገባልሻል?»

«አንቺ ሥራ አለሽ እንዴ?»

ቱሪስቷ ሳቀች፤ ሳቋ ዝናቡን እስኪያስንቅ ሳቀች። እናቷ ግን አልሳቀችም። ከአንገቷ ሥር እጇን ከትታ፣ በገመድ የታሰረውን የሱቅ ቁልፍ አወጣችና ከልብሷ በላይ አደረገችው።

ዝናቡ ሲያባራ ፍሬን መጣና ድንኳኑን ነቀሉ። የራሰ ሸራ ከደረቁ ይልቅ ይከብዳል፤ «እዚሁ ይድረቅና ነገ እንመለስበት» ቢል፣ እናትና ልጅ አልሰሙትም። አንዲት ካስማ ሳይተዉ አዘሉት። ዳገቱን ሲወጡ ከሸራው የሚንጠባጠበው ውሃ በቱሪስቷ ጀርባ ወርዶ ጫማዋ ውስጥ ገባ። ዳገቱ አናት ላይ፣ ሚኒባሷ ከምትታይበት ቦታ፣ ስልኳ ነፍስ ዘራ። ሸክሟን ሳታወርድ ቆመች። የማለዳውን መልእክት አጥፍታ አዲስ ጻፈች፦

«ጋሼ፣ አንድ ቦታ አፈሰሰ። ቀይ ክር አስረንበታል። ማክሰኞ ይፈታል፣ ይሰፋል፤ ክር የማስገባው እኔ ነኝ። ቁልፉ እማዬ አንገት ላይ ነው። የሚፈልገው ካለ መጥቶ ከአንገቷ ላይ ያውልቀው።»

ላከችው። ወዲያው አነበበው። «እየጻፈ ነው» የሚለው ብቅ አለ፤ ጠፋ፤ እንደገና ብቅ አለና ጠፋ። ቱሪስቷ ማንገቻው ትከሻዋን እየበላት ቆማ ጠበቀች። ማክሰኞም ሱቁ ውስጥ፣ ስልኳን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ከእናቷ እጅ መርፌ እየተቀበለች ክር እያስገባች ጠበቀች።

መልስ አልመጣም።